በስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ የሰው ሕይወት ካገኛችሁ

ያገለገለ ዕቃ ገዝታችሁ በውስጡ የማታውቁት ሰው ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ ወይም መታወቂያ ያገኛችሁ ጥቂት እንዳልሆናችሁ እገምታለሁ። ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ከአዲስ አበባ መሀል የተነሣውን ሰፈር ብዛት ማሰብ ይበቃል። ቤት በጥድፊያ ሲለቀቅ ቁም ሳጥኑም፣ ኮሞዲኖውም፣ ሳንዱቁም ከነሆዱ ይሸጣል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ባለቤቱን አፈላልጎ መስጠት የአንድ ቅዳሜ ሥራ መስሎኝ ነበር። አልሆነም። በመንገዱ ላይ አጭበርባሪ ተብያለሁ፤ በማላውቀው ቤተሰብ የውርስ ጠብ ውስጥ ገብቼ ሽማግሌ ፊት ቀርቤያለሁ፤ አንዲትን ደግ ሴት በማያስፈልግ ቃል አስቀይሜያለሁ። ዕቃው በመጨረሻ ለባለቤቱ ደርሷል። እናንተ ግን በዚያው መንገድ መሄድ የለባችሁም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የዕቃዎቹ ባለቤት ይህን ጽሑፍ ከማንም በፊት አንብባዋለች። ሁለት አንቀጽ ሰርዛለች፤ እኔ የዘለልኩትን አንድ ነገር ደግሞ «ይኼንን ጻፊው፣ ሰው ይወቀው» ብላ አስመልሳኛለች። የማንም ስም አልተጻፈም።

በሥራ ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ማታና ቅዳሜ ልብስ እሰፋለሁ። የኤሌክትሪክ መኪናዬ መብራት በጠፋ ቁጥር ደንበኛ ፊት ስለሚያሳፍረኝ በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሰሞን በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ፍለጋ ወጣሁ። ፒያሳ ለኮሪደር ልማት የሚፈርስበት ወቅት ነበር፤ ከዶሮ ማነቂያና ከአካባቢው የወጣ የቤት ዕቃ በየሻጩ ደጅ ተከምሯል። ከተክለ ሃይማኖት ዝቅ ብሎ ካለ አንድ ያገለገለ ዕቃ ሻጭ ዘንድ የምፈልገውን አገኘሁ፤ ጠረጴዛው የማይነቃነቅ፣ የብረት እግሩ ያልዛገ፣ በግራና በቀኙ ትንንሽ መሳቢያዎች ያሉት። ሻጩ መሳቢያዎቹን ከፍቶ እንኳ አላያቸውም። «ቁልፍና ክር ነው ያለበት፤ ምርቃት ውሰጂው» አለኝ።

ቤት ወስጄ ሳራግፈው ሌላም ነገር ነበረበት። በአቡጀዲ የተጠቀለሉ ደብዳቤዎች፤ ከጀርባው ስምና የፒያሳ ፎቶ ቤት ማኅተም ያረፈበት የአንዲት ወጣት ሴት ፎቶግራፍ፤ የሌሎች ሰዎች ጥቂት ፎቶግራፎች፤ የእድር ደብተር፤ የኅብረት ሱቅ ካርድ፤ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት፤ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ያለበት አንድ ብር፤ የጠቆረ የሕፃን ማተብ። ከሁሉም በላይ ልቤን የያዘው ግን ጀርባው በወፍራም ክር የተሰፋ አንድ ደብተር ነው። የልክ ደብተር ነበር። በየገጹ የደንበኛ ስም፣ ቁመት፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅጌ ርዝመት ተጽፏል፤ ከጎኑም ከተሰፋው ልብስ የተረፈ ቅዳጅ በስፒል ተይዟል። ቴትሮን፣ ጀርሲ፣ ፖፕሊን፣ ከፋይ። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝና ሌሊቱን በዚያ ደብተር አነጋሁት። ሴትየዋ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ከማስታወሻቸው ይታያል። አንድ ገጽ ላይ «ግራ ትከሻዋ ዝቅ ይላል፤ እሷ ሳታውቅ በጥጥ ይሞላ» ይላል። ሌላው ላይ «ባሏ ሲከፍል ዋጋውን ግማሽ ነው በይ ብላኛለች»።

ከዚያ ደብዳቤዎቹን አነበብኩ። ባለቤቱን ለማግኘት አድራሻ ያስፈልገኛል ብዬ ነው ራሴን ያሳመንኩት። አድራሻ ግን የሚጻፈው ፖስታው ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው ነው፤ ፖስታውን እንጂ ደብዳቤውን አታንብቡ። የላኪና የተቀባይ ስም፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ በቴምብሩ ላይ የተመታው የከተማና የቀን ማኅተም ለፍለጋ ይበቃል። በሀገራችን ደብዳቤ የሚላከው በአብዛኛው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥን በመሆኑ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ሆኖ ይገኛል። «በእገሌ በኩል» የሚል ካለበት ደግሞ ያ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። የእኔዎቹ ፖስታዎች የድሬዳዋ ማኅተም ያለባቸው፣ ከእህት ለእህት የተላኩ ነበሩ። ይህን ለማወቅ አንዱንም መክፈት አያስፈልግም ነበር።

ሁለተኛው ምክር ስለ አያያዝ ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። ምንም ነገር ከማንሣታችሁ በፊት በነበረበት ሁኔታ ፎቶ አንሡት፤ ምን ከምን ጋር እንደተቀመጠ ኋላ ላይ ቤተሰቡ ይጠይቃችኋል። የተጣበቁ ፎቶግራፎችን በጉልበት አታላቅቁ፣ በውኃ አታርጥቡ፣ በፕላስተር አትጠግኑ። ፌስታል ውስጥ አታስቀምጡ፤ ክረምት ላይ ይሻግታል። የወረቀት ፖስታ ይሻላል። በጀርባው ላይ ምልክት ማድረግ ካለባችሁ በእርሳስ ይሁን። የዛገ ስፒል ካለ ወረቀቱን ሳይበላው በቀስታ አውጡት፤ እኔ ከደብተሩ ያወጣሁትን እያንዳንዱን ስፒል በአዲስ ተካሁ።

ከመኪናው ቁጥር ጋር ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ ተጫወትኩ። ሲንጀር በብረቱ ላይ የተመታ መለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ በየትኛው ፋብሪካና ዓመት እንደተሠራ የሚያሳይ ዝርዝርም ይገኛል። የእኔው ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ ከነበረው ፋብሪካ የወጣ ሆነ፤ ያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል። ለወሬ ጥሩ ነው። ማን እንደገዛው ግን አይናገርም፤ ባለቤት ለምትፈልጉ ሰዎች የቁጥሩን ነገር ተዉት።

በዚህ መሀል የእህቴ ልጅ ሊረዳኝ ብሎ ፎቶግራፉንና የእድር ደብተሩን ሽፋን አንሥቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፈው። በማግሥቱ ስልኬ አላርፍ አለ። አንዱ የአክስቴ ልጅ ናት አለ፤ ሌላው እናቴ ናት አለ፤ አንዲቷ ፎቶውን ለካፌ ግድግዳ ልግዛሽ አለችኝ። አንድ ሰው ደግሞ ዘመድ ነኝ ካለ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄው «የቤት ካርታ አለበት?» የሚል ነበር። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። በአሁኑ ጊዜ መሀል ከተማ ላይ አንድ የቆየ የኪራይ ደረሰኝ እንኳ የሚያጓጓው ሰው አለ። የተለጠፈው በዚያው ዕለት እንዲነሣ አደረግሁ። ለሕዝብ ማሳየት ግድ ከሆነባችሁ ሰፈሩንና ዘመኑን ብቻ ተናገሩ፤ ፎቶውን፣ ስሙን፣ የወረቀቱን ዓይነት ለራሳችሁ ያዙ። «የእኔ ነው» የሚል ሲመጣ እሱ ይንገራችሁ፣ እናንተ አትንገሩት። ከሁሉም መሀል «መሳቢያው ውስጥ ምን ነበር?» ብዬ ስጠይቅ «ደብተር» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ወደ ሻጩ ተመለስኩ። መጀመሪያ «ከማን ገዛኸው?» ስለው ተቆጣ፤ የሌባ ዕቃ ይገዛል ያልኩት መሰለው። እውነቱን ነው፣ አጠያየቄ የፖሊስ ነበር። ሌላ ቀን መቀስና ማስመሪያ ገዛሁትና እግረ መንገዴን «ከየትኛው ሰፈር የመጣ ይሆን?» አልኩት። «ከዶሮ ማነቂያ ነው፤ አንድ ጎልማሳ ሰው ጭኖ አምጥቶ ነው የሸጠልኝ» አለኝ። ሰፈር ጠይቁ፣ ሰው አትጠይቁ።

የእድር ደብተሩ አድራሻ «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» ይላል። ከፍተኛ የሚባለው በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ከተማ ሲመጣ ቀርቷል፤ ቀበሌውም በኋላ ተዋህዶ ወረዳ ሆኗል። የድሮውን ቁጥር ከዛሬው ጋር የሚያገናኝላችሁ ሰው ከቢሮ ይልቅ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም ከመስጊድ በር ይገኛል። ሽፋኑ ላይ ስልክ ቁጥርም ነበረ፤ ባለ ስድስት አሃዝ። የአዲስ አበባ ስልክ እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ እንደዚያ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከፊቱ አንድ አሃዝ ተጨምሮ ሰባት ሆኗል። የእኔው ከቤቱ ጋር ተቆርጧል። ሰፈሩ ያልፈረሰ ከሆነ ግን መሞከሩ አይከፋም።

ደብተሩ ላይ ወርና ቀን እንጂ ዓመት የለም። አንድ ገጽ ግን «ጳጉሜን 6» ይላል። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ብቻ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት የሚተርፍበት ዓመት፣ ማለትም 1963፣ 1967፣ 1971፣ 1975። በዚያው ገጽ ላይ «የቀበሌው ሊቀ መንበር ሚስት» የምትባል ደንበኛ አለች። የቀበሌ ማኅበራት የመጡት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በሐምሌ 1967 ከወጣ በኋላ ስለሆነ 1963 ወደቀ፤ 1967ም ቢሆን ለማመን ይቸግራል። ከሁለት ገጽ በፊት ደግሞ «ለመሠረተ ትምህርት መክፈቻ የሚለበስ» የሚል ቀሚስ አለ። ዘመቻው የተጀመረው በሐምሌ 1971 ነው። ስለዚህ 1971። ጥቅሙ ምንድነው? በ1971 ሙሽራ የነበረች ደንበኛ ዛሬ ሰባ ዓመት ገደማዋ ነው። እኔ እስከዚያ ድረስ ጎረምሶችን ስጠይቅ ነበር የከረምኩት፤ መፈለግ የነበረብኝ አሮጊቶችን ነው።

ዶሮ ማነቂያ ስደርስ ግን የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። አጥር፣ ቆርቆሮ፣ የተደለደለ መሬት። ነዋሪው በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። የአንድ ሱቅ ጠባቂ ነው መፍትሔውን የነገረኝ። «በ23 ጊዮርጊስ ነይ» አለኝ፤ «የሄዱትም ሁሉ ለእሱ ይመጣሉ።» እውነቱን ነበር። ወር በገባ በ23 የአራዳ ጊዮርጊስ ቅጥር ውስጥ ሁለትና ሦስት ታክሲ ቀይረው የመጡ የድሮ ጎረቤቶች ከቅዳሴ በኋላ ጥላ ሥር ተሰብስበው ይጨዋወታሉ። የምትፈልጉት ከካዛንቺስ የተነሣ ሰው ከሆነ ዑራኤል በ22 ሂዱ፤ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ነው የሄዱት፣ እዚያም መጠየቅ ይቻላል። የፒያሳ ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ኑር መስጊድ ከጁምዓ በኋላ በሩ ላይ ቁሙ። ሰፈር ሲፈርስ ሰው አድራሻውን ይለውጣል፤ የሚሳለምበትን ደጅ ግን ቶሎ አይለውጥም።

ደብተሩን ይዤ አልሄድኩም፤ ከገጾቹ የጥቂት ቅዳጆችን ፎቶ በስልኬ ይዤ ነው የሄድኩት። ሦስት እናቶች አጠገብ ተቀምጬ «እነዚህን ጨርቆች የሚያውቅ ይኖር ይሆን?» አልኩ። ሁለቱ ሳቁብኝ። ሦስተኛዋ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ፣ ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት። «ይኼ አረንጓዴ ከፋይ የእኔ ነው» አሉ። «የእህቴ ሠርግ ላይ የለበስኩት። የሰፋችልኝም…» ብለው የሴትየዋን ስም ጠሩ። ፎቶግራፉ ጀርባ ላይ ያለው ስም ነበር። ሰውን በመልኩ ለማስታወስ የተቸገረ ሰው ልብሱን ያስታውሳል፤ ሌላ ዓይነት ዕቃ ካገኛችሁም እንዲህ የሚነካና የሚለበስ ነገር ካለ እሱን አስቀድሙ።

እናትየዋ ልብስ ሰፊዋ በ2014 ዓ.ም. እንዳረፉ፣ አንዲት ልጅ እንዳለቻቸው ነገሩኝና የልጅቷን ስልክ ሰጡኝ። ደስታው አላስቻለኝም፤ እዚያው ቆሜ ደወልኩ። «እናትዎ የተዉት ንብረት እኔ ዘንድ አለ» አልኩ። እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር ከማያውቁት ቁጥር ሲሰሙ ምን ይላሉ? «ዕጣ ወጥቶልዎታል የምትሉት እናንተ አይደላችሁም እንዴ!» ብላ ዘጋችብኝ። ደግሜ ስደውል አይሠራም።

መደወል የነበረበት የእድሩ ጸሐፊ ነው። እነዚያው እናቶች ወደ እሳቸው መሩኝ። ሽማግሌው ዛሬም የእድሩን መዝገብ ይዘዋል፤ አባላቱ ከከተማው አራት ማዕዘን ተበትነውም መዋጮው አልተቋረጠም። የእድር ደብተሩን ሳሳያቸው የራሳቸውን የእጅ ጽሑፍ አወቁት። ለልጅቷ እሳቸው ደወሉላት፤ እኔ ማን እንደሆንኩ፣ የት እንደምሠራ፣ ምን እንደያዝኩ አስረዱ። በሚቀጥለው እሑድ ቤታቸው ቡና ላይ እንድንገናኝ ሆነ። እናንተም የእድር ጸሐፊ፣ ዳኛ፣ የንስሐ አባት፣ የቀድሞ ጎረቤት፣ ማንም ይሁን፣ ቤተሰቡ ድምፁን የሚያውቀው ሰው ሳይኖር አትደውሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስኩ። ልጅቷ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ናት፤ ገና ስተዋወቃት «አንቱታውን ተይው» ስላለችኝ ነው እንዲህ የምጽፈው። ብቻዋን አልመጣችም። የእናቷ የወንድም ልጅ የሆነ ጎልማሳ አብሯት ነበረ። ሰላምታ ሳይጠናቀቅ «መኪናውን ከማን ገዛሽው? መቼ?» አለችኝ። እኔም የዋህ፣ ሻጩ የነገረኝን ሁሉ ዘረገፍኩ፤ ከዶሮ ማነቂያ፣ ፋሲካ ሰሞን፣ አንድ ጎልማሳ ሰው ጭኖ አመጣው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰውየው ለቤተሰቡ የነገረው ዕቃው በግሬደር ተደፍጥጦ ቀረ ብሎ ነበር። ዕቃ እንዴት ከቤት እንደወጣ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ ሲጠይቋችሁ «ከገበያ ገዛሁት» በሉ፣ እሱም ውሸት አይደለም።

በዚህ ብቻ ቢያልፍ ጥሩ ነበር። ጥቅሉን ስሰጣት ደብዳቤዎቹን አየችና «አንብበሻቸዋል?» አለችኝ። አዎ አልኩ። እሱንም ማለት ነበረብኝ። ግን አላቆምኩም፤ ላጽናናት ብዬ «ባይወልዱሽም እንዴት ይወዱሽ እንደነበር ያስታውቃል» አልኳት።

እህትየዋ ከድሬዳዋ፣ ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በ1971፣ አራት ዓመት ገደማ የሆናትን ሕፃን በባቡር ከሰው ጋር ወደ ለገሃር ልካ ለእህቷ የሰጠችበት ደብዳቤ ነበር። ልጅቷ ይህን ከጉርምስናዋ ጀምሮ ታውቃለች። ጸሐፊውም ያውቃሉ፣ ሰፈሩም ያውቅ ነበር። የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አጠገቧ የተቀመጠው። እሱ ከገጠር የመጣው ልብስ ሰፊዋ ካረጁ በኋላ ስለሆነ የማንም ሹክሹክታ አልደረሰውም። ከሟቿ የቀረ ገና ያልተከፈለ የባንክ ገንዘብ ነበረ። ልጅ ከሌለ የወንድም ልጅ ወራሽ ይሆናል። ሰውየው ስኒውን አስቀምጦ «ያልወለደቻት ናት ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። ሳምንት ሳይሞላ ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት የጸደቀበት ወረቀት የት አለ ማለት ጀመረ።

እሷ የተናገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ደረጃው ላይ። «ምስጢሩ አይደለም ያሳዘነኝ። ከእኔ በፊት አንቺ ማንበብሽ ነው።»

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ አለቀ። እኔም ወረቀቶቹን ከየት እንዳገኘሁ፣ ምንም እንዳልጨመርኩ፣ እንዳላጎደልኩ ቀርቤ ተናገርኩ። እዚህ ላይ መጀመሪያ ያነሣኋቸው ፎቶዎች ጠቀሙ፤ ጥቅሉ ሲፈታ የነበረበት ሁኔታ ሁሉ ቀን ተጽፎበት ይታያል። ልጅቷ ራሷ መርጣ አንድ ደብዳቤ አስነበበች። እህትየዋ «ከእንግዲህ ልጅሽ ናት፤ እኔ አክስቷ ነኝ» ብላ የጻፈችበት ነው። ይህንን ነው ጻፊው ያለችኝ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ብዙ አልተከራከረም፤ የመኪናውንም ዋጋ ማንም አልጠየቀው። እናንተ ውርስ የሚነካ ወረቀት ካገኛችሁ፣ የባንክ ደብተር፣ የኑዛዜ ወረቀት፣ የቤት ውል፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ፣ ትርጉሙን እናንተ አትናገሩ። አሽጉት፤ ለሚመለከተው ሰው ለብቻው ስጡት፤ ለጠበቃ ያሳይ እንደሆነ እሱ ይወስን።

ርክክቡም በወረቀት ይሁን። እኔ የተማርኩት በሁለተኛው ስብሰባ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ በዝርዝር ተጽፎ፣ ሰጪና ተቀባይ ፈርመው፣ ሁለት ምስክር ፈርሞበት፣ አንድ አንድ ቅጂ ያዝን። የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ይህን በመጀመሪያው ቀን አለማሰቤ ይገርመኛል። ወሮታ ሲሰጧችሁ ደግሞ አትቀበሉ፤ ቡናና ዳቦ ይበቃል። አንድ ብር ከተቀበላችሁ በማግሥቱ «ሸጠችልን» ነው የሚባለው።

ከዚያ በኋላ ለወራት ድምፅዋን አልሰማሁም። አልደወልኩምም። ይህም ምክር ከሆነ ይሁን፤ የሰው ቤት ከፍታችሁ ከገባችሁ በኋላ በሩ ላይ ቆማችሁ «ይቅር በሉኝ» እያላችሁ አታንኳኩ። የማላውቃቸውን ሴት ከደብተራቸው የተነሣ የወደድኳቸው እኔ ነኝ፤ ልጃቸው የእኔን ፍቅር የመሸከም ዕዳ የለባትም።

በ2017 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም ማለቂያ ላይ ራሷ ደወለች። የልክ ደብተሩን ያኔ «ለሥራሽ ይሆንሻል» ብላ ትታልኝ ነበር። «እዚያ ደብተር ውስጥ የእኔ ገጽ ይኖር ይሆን?» አለችኝ። አለ። «የኔዋ» የሚል ርዕስ አለው፤ የሚጀምረው ያቺ «ጳጉሜን 6» ላይ ነው፤ የቀሚስ ቁመት 52 ሳንቲ ሜትር። ከሕፃንነቷ ልክ የተጻፈ ምንም የለም። ከዚያ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ፣ እየረዘመ፣ እየሰፋ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የመጀመሪያ ጉርድ፣ መጨረሻ ላይ የሠርግ ልብስ። እኔ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥታ ስታየው የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ሳቀች። «እዚህ ላይ ወገቤን ቀንሳዋለች! ሙሽራ ቀጭን መሆን አለባት ብላ ቀሚሱ ውስጥ መተንፈስ አቅቶኝ ነው የዋልኩት» አለች። ከሠርጉ በኋላ ለምን እንደማይቀጥል ጠየቅኋት። «ከዚያማ ሳትለካኝ ‹ልክሽን በዓይኔ አውቀዋለሁ› እያለች ነበር የምትሰፋልኝ፤ አንድም ጊዜ አልሆነልኝም።»

ደብተሩን ይዛ ሄደች። መኪናውን በገዛሁበት ዋጋ ልመልስልሽ አልኳት፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ማውጣት አልፈለገችም። እኔው እየሠራሁበት ነው።

የቀሩ ጥቂት ፎቶግራፎች ነበሩ፤ የደንበኞች፣ ማንም ያላወቃቸው። እንዲህ ያለ ባለቤት ያጣ ነገር ሲቀራችሁና ለታሪክ ይጠቅማል ብላችሁ ስታስቡ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን መጠየቅ ትችላላችሁ። እኔ ለጊዜው ለእድሩ ጸሐፊ ሰጥቻቸዋለሁ። በየወሩ በ23 በኪሳቸው ይዘዋቸው ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ባለቤት አግኝተዋል።

ለምትሸጡ ደግሞ፣ በተለይ ሰፈራችሁ ሊነሣ ቀን ለተቆረጠላችሁ። ዕቃ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው፣ ጭነት የማያነሣ ሰው፣ ለዚህ ሥራ ብቻ መድቡ። የኮት ኪስ፣ የመጽሐፍ ቅዱስና የቁርኣን ገጾች፣ የመስተዋትና የፎቶ ፍሬም ጀርባ፣ የፍራሽ ሥር፣ የሻንጣ ገበር ይዳስስ። መሳቢያ መክፈት ብቻ አይበቃም፤ ሙሉ በሙሉ አውጡትና ከኋላው ያለውን ክፍት ቦታ በእጃችሁ ፈትሹ፤ ወረቀት ተንሸራቶ የሚቀረው እዚያ ነው።